የእማዋይሽ መደብ

ሉባባ እባላለሁ፤ የበርበሬ ነጋዴው የመሐመድአወል ልጅ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ የዕፅዋት ጤና ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ላቦራቶሪ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ መብራት ሲመጣ ብቻ የሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ እኔ፣ ከእኔ በላይ ደግሞ አለቃዬ ክንፈሚካኤል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ግን እንደ ልቤ ልጥራው፤ ንዴቴ ገና አልበረደልኝም።

ነገሩ የተነሳው በመጋቢት መጀመሪያ ነው። ከማንኩሳ ወዲያ ካለች አንዲት ቀበሌ ገበሬዎች ተሰብስበው መጡ። በርበሬያቸው ያምርና ያምርና ልክ አበባ ሊይዝ ሲል ይጠወልጋል። ውሃ ቢያጠጡት ቀና አይል፣ ማዳበሪያ ቢጨምሩለት አይሰማ። አምና እንዲሁ፣ ካቻምና እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የመጡት ሊጠይቁ አልነበረም፤ ፈርደው ነው የመጡት። ጥፋቱ የእማዋይሽ ነው፣ በሽታው የሚወጣው ከእሷ የችግኝ መደብ ነው አሉ።

እትዬ እማዋይሽ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። በዚያ ሰፈር የበርበሬ ችግኝ የሚያፈሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ጓሯቸው ከምንጩ ሥር ስለሆነ ውሃ አይቸግራቸውም። በመጋቢት መደቡ ላይ ይዘራሉ፣ ያጠጣሉ፣ ያርማሉ፣ በሰኔ ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ ችግኙን ነቅሎ ይወስዳል፤ ለመስኖው ደግሞ በመስከረም ዘርተው በኅዳር ይሰጣሉ። በምላሹ ወንዶቹ የእሳቸውን መሬት ያርሱላቸዋል። ሴት ሞፈር አትይዝም፤ የአገሩ ልማድ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። ስለዚህ መደቡ ቀረ ማለት አራሽ ቀረ ማለት ነው። አራሽ ከቀረ ደግሞ መሬታቸውን ለሰው በእኩል ሰጥተው፣ ግማሹ እህል ወደ ሌላ ቤት ሲጫን ቆመው ማየት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ከሳሾቹም ያውቃሉ፤ መሪያቸው አያ ዳኘው እንኳ የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም ናቸው።

ክንፈሚካኤል «ሁላችሁም ከየማሳችሁ አፈር ይዛችሁ ኑ» አላቸው። ይዘው መጡ። እስቲ ያን አፈር ባሳየኋችሁ። ጥቁር፣ የሰባ፣ ጠጠሩ ተለቅሞ የተነፋ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ። ለምርመራ ሳይሆን ለሙሽራ ቤት የመጣ ነው የሚመስለው።

«አያ ዳኘው፣ ይኼ በርበሬው ከሞተበት ቦታ ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ ምን በወጣኝ፤ ከአጥሩ ሥር፣ ፍግ ከሚወድቅበት ነው።»

«እኔ የምፈልገው እኮ የታመመውን ነው።»

«መንግሥት ቤት መናኛ አፈር ይዤ ልግባ? ምን ይሉኛል?» አሉ፤ ከልባቸው ነው ያዘኑብኝ።

ሁሉም እንደዚያው ናቸው። እትዬ እማዋይሽም ከመደባቸው መሀል የሰባውን መርጠው ልከዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለእንግዳ ደህናውን ሲያቀርቡ የኖሩ ሰዎች አፈር አምጡ ሲባሉ ደህናውን አመጡ፤ በእነሱ አልፈርድም። የምፈርደው ተምሬያለሁ በሚለው ላይ ነው። ሄጄ ነገርኩት። «ይኼ የታመመው ማሳ አፈር አይደለም፤ ምንም አይነግረንም፤ ራሳችን ሄደን እንውሰድ» አልኩት። «ነዳጅ የለም፤ ያመጡትን እዪ» አለኝ። ቡሬ ስብሰባ ነበረበት፤ መልስ ይዞ መግባት ፈልጓል።

አየሁ። የሌሎቹ አፈር ውስጥ የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም። የእትዬ እማዋይሽ አፈር ግን የመመርመሪያ ሳህኑ ላይ ነጭ ክር ዘርግቶ ጠበቀኝ። ማይክሮስኮፑ ሥር ሳደርገው ከክሩ ላይ ቀጫጭን አገዳ ቆሟል፤ በአገዳው ጫፍ ላይ ዘሩ ተሰብስቧል። ፈንገስ መሆኑ ግልጽ ነው። የትኛው ፈንገስ እንደሆነ ግን አላወቅሁም፤ አይቼው የማላውቅ ዓይነት ነበር። ክንፈሚካኤልን ጠራሁት። ኮቱን እንደለበሰ፣ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ጎንበስ አለና ወዲያው ቀና አለ።

«ፉዛሪየም ነው» አለ።

ፉዛሪየም በርበሬ በማጠውለግ የታወቀ የአፈር ፈንገስ ነው፤ የእኛ አገር ገበሬ ስሙን ባያውቀው ሥራውን ያውቀዋል።

«የፉዛሪየም ዘር እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው» አልኩት። «ይኼ ቀጥ ብሎ ቅል ነው የሚመስለው፤ መሀሉ ላይ ያለውም አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።»

«ሉባባ፣ በርበሬ ጠወለገ፣ አፈሩ ፈንገስ አለው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ስሙን።»

«ነገርኩሽ እኮ» ብሎ ወጣ። በማግስቱ ከቡሬ ደውሎ ትእዛዙን አስተላለፈ። የእማዋይሽ መደብ በኬሚካል ይታጠባል፤ ከእንግዲህ ዘር አይዘራበትም።

በልቤ ምን እንዳልኩት አልጽፈውም፤ አባቴ ያነበዋል። ሰው ሲታሰር እንኳ መጀመሪያ ስሙ ይጠየቃል። እዚህ ግን ስሙ ላልታወቀ ሻጋታ ተብሎ አንዲት ሴት ከመሬቷ ልትነቀል ነው። ቤት ገብቼ ስናገር አባቴ «ቀስ በይ እንጂ፤ እንጀራሽ ነው» አለኝ። እሱ የእትዬ እማዋይሽን በርበሬ ስንት ዘመን ገዝቶ ሸጧል፤ ቆሻሻ ያልተቀላቀለበት በርበሬ እያለ በገበያው ሁሉ ሲምልበት ነው የኖረው። «የእሳቸውስ እንጀራ?» አልኩት። ወደ በርበሬ ጆንያው ዞረ። እንዲህ ሲዞር እንደተስማማ ነው የምቆጥረው።

የስልኬን ካሜራ በማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ደግፌ ፎቶ አነሳሁና ባሕር ዳር ላሉት ለቀድሞ መምህሬ ለአስካለ ማርያም ላክሁ። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ ፎቶው እስኪደርስ ደሜ ፈላ። ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ።

«ፉዛሪየም ያለው ማነው?» አሉ።

«አለቃዬ።»

«አላየውም ማለት ነው። እኔም ግን በፎቶ ብቻ አልምልም። ምግብ የሌለበት ሳህን ላይ ዝሪው፤ ከዚያ ከበርበሬው ሥር የምታገኚውን ጥቃቅን ትል ጨምሪበት። የምጠረጥረው ነገር ከሆነ ራሱ ይነግርሻል። ለመሆኑ የታመመውን በርበሬ ሥር አይታችኋል?»

ማንም አላየም። ያን ሁሉ ክስ ስንሰማ የአንድ የታመመ በርበሬ ሥር እንኳ ቤታችን አልገባም።

በማግስቱ እስከ ማንኩሳ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ሄድኩ። ነዳጅ የለም የሚባለው ነገር እግር ያለውን ሰው አይመለከትም። እትዬ እማዋይሽን ያገኘኋቸው መደቡን ቆፍረው፣ አለስልሰው፣ ዘሩን በቅል አዘጋጅተው ቆመው ነው። ትእዛዙ ደርሷቸዋል።

«ልጄ፣ እንዲያው እውነቱን ንገሪኝ፤ መሬቴ ታሟል?» አሉኝ።

«ገና አላወቅንም እትዬ።»

«ካላወቃችሁ ታዲያ ምኑን ነው የምታፈሱበት?»

ስለ መደቡ ጠየቅኋቸው። መደቡ ከብቶቻቸው የሚያድሩበት ቦታ እንደነበር ነገሩኝ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ በረቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ያዛውሩታል፤ ከብቱ የለቀቀውን ቦታ ገለባና ቅጠል እያለበሱ ያከርሙትና በተራው መደብ ያደርጉታል። ባላቸው ሲያደርጉት ያዩት ነው፤ እሳቸውም አላቋረጡም። ከመደቡ አፈር ወሰድኩና ወደ አያ ዳኘው የመስኖ ማሳ ወረድኩ። አንድ የጠወለገ በርበሬ ይዤ ነቀልኩት። ሥሩ እንደ መቁጠሪያ ተቋጥሯል። አጠገቡ ያለውን ነቀልኩ፤ እሱም ያው ነው። ወዲያ ማዶ ካለው የጎረቤት ማሳ ነቀልኩ፤ ያው ነው።

«አያ ዳኘው፣ ይኼን ሥር አይተውት ያውቃሉ?»

«የሞተን ነገር ማን ይነቅለዋል፤ እዚያው ይደርቅና ማረሻ ይገለብጠዋል እንጂ» አሉ።

አፈር ልዝቅ ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ። «ኧረ ከዚያ አትውሰጂ፣ ጠፍ ቦታ ነው። ወዲያ ጥሩው አለልሽ» አሉ። እጄን አስለቅቄ ዛቅሁ። የወንድሙ ሚስት መሬት ይመረዝ ብሎ ለመጮህ ያላፈረ ሰው የራሱን መናኛ አፈር ለማሳየት አፈረ። ይኼ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ላቦራቶሪ ገብቼ የተቋጠረውን ሥር ውሃ ውስጥ ቆርጬ በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ በዓይን የማይታይ ትል እንደ ጉድ ፈሰሰ። ኔማቶድ ይባላል። ሥሩ ውስጥ ገብቶ ይቋጥረዋል፤ ተክሉ ውሃ መሳብ ያቅተውና ይጠወልጋል። በአያ ዳኘው አፈር ውስጥ ይርመሰመሳል። በመደቡ አፈር ውስጥ ግን ፈልጌ ፈልጌ ለምልክት ያህል ነው ያገኘሁት። ችግኙ ከእትዬ እማዋይሽ ጓሮ ጤናውን ወጥቶ የሚታመመው በእነሱው ማሳ ላይ ነው ማለት ነው። በርበሬን በበርበሬ ላይ እየተከሉ፣ የታመመውን ሥር እየገለበጡ፣ ትሉን ራሳቸው ናቸው ሲያረቡት የኖሩት። ከዚያ ትሎቹን ከፈንገሱ ጋር ሳህን ላይ አገናኘኋቸውና ጠበቅሁ።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ክንፈሚካኤል ይመጣል፣ «እስካሁን በዚያ ሳህን ላይ ነሽ?» ይላል፣ ይሄዳል። ስለ ትሉ ነገርኩት፤ «ትልም ይኑር ፈንገስም ይኑር፣ ትእዛዝ ወጥቷል» አለ። ኬሚካሉ መጋዘን ገብቷል። ለሚረጩት ሰዎች ቀን ተቆርጦላቸዋል። ጥቂት ቀን ይታገሱኝ ብዬ ለመንኩት፣ እኔ ለምኜ የማላውቀው፤ ሥራ አስቆመች ተብለሽ ትጠየቂያለሽ አለኝ። ይጠይቁኝ አልኩት።

ዓርብ ጠዋት ሳህኑን ማይክሮስኮፑ ሥር ሳደርገው ክሩ ተለውጧል። ከጎን ከጎኑ ትንንሽ ቀለበት አውጥቷል፤ እያንዳንዱ ቀለበት በአጭር እግር ከክሩ ጋር ተያይዟል። ልጆች ለቆቅ የሚያጠምዱትን የጭራ ወጥመድ የምታውቁ ከሆነ እሱኑ ነው። አንድ ትል እየተጥመለመለ መጣ። አንገቱን በአንዱ ቀለበት አሾለከ። ቀለበቱ አበጠና ጥብቅ አለ፤ ዓይኔን ሳልጨፍን ነው ያለቀው። ትሉ ተወራጨ፣ ተወራጨ፣ ቆመ። ከምሳ ስመለስ ክሩ ሆዱ ውስጥ ገብቶ እየበላው ነበር።

ወላሂ፣ ሁሉንም በስልኬ ቀርጬዋለሁ። ቪዲዮውን ለአስካለ ማርያም ላክሁ፤ በስልክ ዘሩን፣ አገዳውን፣ ቀለበቱን አንድ በአንድ እያመሳከርን አረጋገጥን። ትል አጥማጅ ፈንገስ ነው። አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ተክል አይነካም። እሳቸው ራሳቸው በመጽሐፍ እንጂ በሳህን ብዙ ጊዜ እንዳላዩት ነገሩኝ። እንግዲህ አስቡት። የሰፈሩን በርበሬ የፈጀውን ትል የሚያጠምድ ነገር ያገኘነው በዚያ መደብ ውስጥ ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ እሱን ልንገድል ኬሚካል አስመጥተናል።

ክንፈሚካኤልን ከቢሮው ጎትቼ አመጣሁት ብል ማጋነን አይደለም። በዚህኛው ጊዜ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሰው መስሏል።

«ተሳስቻለሁ» አለ።

ሰው ተሳስቻለሁ ሲል ንዴት ይበርዳል፤ የእኔም ለጊዜው በረደ። ኬሚካሉን አስቀረ። ከዚያ ስልኩን አነሳና ለበላዮቹ በሙሉ ደወለ፤ «እኛ ዘንድ መድኃኒት አፈር ተገኘ» እያለ አበሰረ። «መድኃኒት አይበሉት» አልኩት። «እዚያ ቦታ፣ በዚያ አያያዝ የሚኖር ነገር ነው።» ሰምቶኛል አልልም።

ሰኞ ዕለት በመኪና ሄድን። ነዳጁ ከየት እንደተገኘ እንጃ። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ እማዋይሽ ጓሮ ተሰበሰበ። ክንፈሚካኤል መደቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ሴትዮዋ ጥፋት እንደሌለባቸው ተናገረ፤ በዚህ አመሰግነዋለሁ። እትዬ እማዋይሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመው ነበር፤ ያን ሁሉ ቀን አፍነው የያዙትን ትንፋሽ ሲለቁት አየሁ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት። አላቆመም። «ይህ አፈር ለበርበሬያችሁ መድኃኒት አለው» ብሎ ቀጠለ።

ንግግሩ ሳያልቅ አያ ዳኘው ከመሀል ጠፉ። ሲመለሱ የማዳበሪያ ጆንያ ይዘዋል። አንዱ ይዞ ሲመጣ ሌላው ዝም ብሎ ሊያይ ነው? ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ። ዶማ መጣ፣ አካፋ መጣ፣ ጆንያ መጣ። እትዬ እማዋይሽ መጀመሪያ ላይ «እሺ ውሰዱ፤ ትንሽ ትንሽ ውሰዱ» አሉ፤ ለጎረቤት አፈር መከልከል ለእሳቸው ነውር ነው። ትንሽ ማን ሊወስድ። ከጠርዙ ጀመሩ፣ ወደ መሀል ገቡ፣ ወደ ታች ወረዱ። ክንፈሚካኤልም ከመኪናው ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን አስመጣና «ለምርምር» ብሎ ከመሀሉ አስሞላ።

አንድም ሰው እንውሰድ ወይ ብሎ ባለቤቲቱን አልጠየቀም። ባለፈው ሳምንት መርዝ ነው ብለው ኬሚካል ሊያፈሱበት፣ ዛሬ መድኃኒት ነው ብለው በጆንያ ሊያግዙት፤ መሬቱ የእሳቸው መሆኑ ትዝ ያለው ግን የለም።

«ስሙኝ» ብዬ ጮህኩ። «እንዲሁ ወስዳችሁ ብትደፉት አይበረክትም። የሚኖረው በረት በሚዛወርበት፣ ገለባ በሚለብስ አፈር ነው። ይልቅ ማሳችሁን አሳርፉት፤ በርበሬውን በእህል ለውጡት።»

«አንቺ ልጅ፣ ከከተማ መጥተሽ ለእኛ ስለ አፈር ታስተምሪን?» አለኝ አንዱ፣ ዶማውን ሳያቆም።

አያ ዳኘው ጆንያቸውን አስረው ቀና አሉ፤ ላባቸውን ጠረጉ። «ከእንግዲህማ እማዋይሽን ማስቸገር የለም» አሉ። «ሁሉም በየጓሮው ያፈላል።» በክፋት አይደለም ያሉት። ደስ ብሏቸው ነው። እኔን የበለጠ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

እትዬ እማዋይሽ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። መደባቸውን አዩት፤ መደብ አልነበረም፣ ጉድጓድ ነው። ወደ ቤት ገቡ። ሊያለቅሱ መስሎኝ ልከተላቸው ስል ተመልሰው ወጡ፤ የባላቸውን ሞፈር እየጎተቱ ነው። ከጓሮው የሚያስወጣው በር አንድ ነው። ሞፈሩን በበሩ ምሰሶዎች መካከል፣ ወገብ የሚደርስ አድርገው አጋደሙትና አጠገቡ ቆሙ።

«አፈሬን የያዘ ሰው ይኼንንም ይያዝ» አሉ። ድምፃቸው ከወትሮው አልጨመረም። «እኔ አፈላላችሁ ነበር፣ እናንተ ታርሱልኝ ነበር። አሁን በየቤታችሁ ልታፈሉ ነው። እሺ። ዘንድሮ የእኔን መሬት የሚያርሰው ማነው? ሁላችሁም እዚህ እያላችሁ ንገሩኝ።»

ጆንያ የተሸከሙት እንደተሸከሙ ቆሙ። አያ ዳኘው ሞፈሩን አዩት፤ የወንድማቸው ነው፣ ያውቁታል። ጆንያውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ወደ ጉድጓዱ ተመለሱ፣ ፈትተው ደፉት። ባዶውን ጆንያ እያጠፉ «እኔ አርስልሻለሁ» አሉ፤ ቀና ብለው ግን አላዩአቸውም። ሌሎችም ተከተሏቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። የቀሩት ጆንያቸውን አቅፈው መሬት መሬት ያያሉ።

ክንፈሚካኤል ሳጥኑን በሁለት እጁ ታቅፎ በሩ ላይ ደረሰ። መኪናው ውጭ ቆሟል።

«ሉባባ፣ ይኼን እንጨት እስቲ አንሺልኝ» አለኝ።

«አላነሳም» አልኩት። «ከፈለጉ እርስዎ ያንሱት።»

«የቢሮው ናሙና ነው እኮ።»

«የማን መሬት እንደሆነ እትዬ ከጎንዎ ቆመው እየነገሩዎት ነው።»

ወደ ገበሬዎቹ ዞረ፤ የተንቀሳቀሰ የለም። ወደ እትዬ እማዋይሽ ዞረ። አልለመኑትም፣ አልተቆጡትም፤ የጠየቁትን መልስ እየጠበቁ ነው። ሞፈር በአንድ እጅ አይነሳም፤ የእሱ እጆች ደግሞ ሁለቱም ሳጥኑ ላይ ናቸው። በመጨረሻ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠው። አፈሩ ወደ መደቡ እንዲመለስ ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ።